ሴቭ ወይም ሎድ ሲደረግ የሚዘጋ አርፒጂ ጌም፦ ጥፋቱን የት እንፈልገው?

ጠያቂያችን የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው። ሰፊ ክፍት ዓለም ያለው አንድ አርፒጂ ጌም (ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ ተልእኮ የሚፈጽሙበት ጨዋታ) በኮምፒውተር ላይ ሰባ ሰዓት ያህል ተጫውተዋል። ከሳምንት በፊት ጌሙ ሴቭ እያደረገ ሳለ አንድ ጊዜ በድንገት ተዘጋ። አሁን ደግሞ የመጨረሻዎቹን አራት ሴቮች ሎድ ለማድረግ በሞከሩ ቁጥር፣ የሎዲንግ መስመሩ ሦስት አራተኛ ገደማ ሲደርስ፣ ምንም የስሕተት መልእክት ሳይታይ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሳቸዋል። ከሦስት ቀን በፊት የተደረገ ሴቭ ግን ያለ ችግር ይከፈታል። ጌሙን አጥፍተው እንደገና ጭነዋል፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨርም አድሰዋል፤ ለውጥ የለም። በመካከሉ ሁለት ሞዶችን (ጌሙን የሚቀይሩ፣ በተጫዋቾች የተሠሩ ተጨማሪ ፋይሎችን) እንዳወጡ ጠቅሰዋል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልገለጹም። ጥያቄያቸውም «ጥፋቱ የኮምፒውተሬ ነው ወይስ የጌሙ? ሰባው ሰዓትስ ይተርፋል?» የሚል ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ከሦስት ቀን በፊት ያለው ሴቭ እስከተከፈተ ድረስ ቢበዛ የሚያጡት የሦስት ቀን ጨዋታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ነገር ከመሞከርዎ በፊት ጌሙንም፣ ጌሞች የሚገዙበትንና የሚከፈቱበትን ስቲምንም ዘግተው የሴቮቹን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡት። ብዙ ጌሞች አውቶሴቭን (ጌሙ በራሱ የሚያደርገውን ሴቭ) በጥቂት ቦታዎች ላይ እየተሽከረከሩ ስለሚጽፉ፣ ለሙከራ ብለው ግማሽ ሰዓት ሲጫወቱ ብቸኛው ጤነኛ ሴቭ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ሴቮችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የክላውድ አገልግሎቱም ፋይሉ ጤነኛ ይሁን የታመመ አያውቅም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ያመጣል፣ ይወስዳል። ጌሙን እንደገና መጫን ያልረዳዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሴቮች ጌሙ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ አይቀመጡም ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱ ጌም በዶክመንትስ ሥር ባለው ማይ ጌምስ፣ አንዳንዱ በሴቭድ ጌምስ፣ ሌላው ደግሞ ተደብቆ በሚቀመጠው አፕዳታ ውስጥ ያኖራቸዋል። ጌሙን አጥፍተው ሲጭኑ የታመመው ፋይል ከነሕመሙ ቦታው ላይ ይጠብቅዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ተጫዋች ሴቭ ፋይልን ዓለሙ እንዳለ ተነሥቶ የተቀመጠበት ፎቶግራፍ አድርጎ ያስበዋል፤ በዚህ ምክንያትም ሎድ ሲደረግ የተዘጋ ጌም ሁሉ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። አሠራሩ ሌላ ነው። ተራራውን፣ ከተማውን፣ የሰይፉን ቅርጽና የሻጩን ንግግር ጌሙ በገዛ ፋይሎቹ ይዞታል። ሴቩ የሚይዘው ከመነሻው የተለወጠውን ብቻ ነው፦ ይህ በር ተከፍቷል፣ ያ ሽፍታ ሞቷል፣ ቁጥሩ ይህ የሆነ ሰይፍ ቁጥሩ ያ በሆነ ሣጥን ውስጥ ገብቷል፣ ይህ ተልእኮ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፣ ይህ ስክሪፕት (ጌሙ የሚፈጽመው ትንሽ የትእዛዝ ጽሑፍ) አሥረኛው መስመር ላይ ሆኖ ሁለት ሰከንድ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው። ሎድ ማድረግ ማለት ይህን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እያነበቡ ዓለሙን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ጌሙ ሎድ ሲያደርግ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ ሊፈጽመው የማይችለው ትእዛዝ ሲያጋጥመው ነው፤ ትእዛዙ የተጻፈው ግን ትናንት፣ ምናልባትም ከሃያ ሰዓት ጨዋታ በፊት ሊሆን ይችላል። የተዘጋበትን ቅጽበት ብቻ እያዩ መንስኤውን የሚፈልጉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በመነሣት እኔ አንድ የሎድ ክራሽ (ሎድ ሲደረግ በድንገት መዘጋት) ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምለየው ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ነው። ወይ ፋይሉ ራሱ ጎድሏል፤ ወይ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ በውስጡ የተጻፈው የዓለም ሁኔታ ታሟል፤ ወይ ሁለቱም ደኅና ሆነው ኮምፒውተሩ ሊሸከመው አልቻለም። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ጊዜ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ከሁሉም ለማየት ቀላል ነው። ሴቮቹን በመጠናቸው ይመልከቱ፤ ተከታታይ ሴቮች በጥቂቱ እየጨመሩ ሲሄዱ አንዱ በድንገት ወደ ግማሽ ወይም ወደ ዜሮ ከወረደ መጻፉ መሐል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። መጠኑ ትክክል ሆኖም ውስጡ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህም የፋይልን ጥሬ ይዘት በሚያሳየው በሄክስ ኤዲተር ሲከፈት ይታያል። ለምሳሌ ስካይሪም የተባለው አርፒጂ ጌም ሴቭ የሚጀምረው የጌሙን ስም አሕጽሮትና «ሴቭጌም» የሚለውን ቃል በሚሠሩ 13 የላቲን ምልክቶች ነው፤ ጤነኛ ፋይል ሲከፍቱ ቃሉ ከላይ በግልጽ ይነበባል፣ ከሥሩም የገጸ ባሕርይዎ ስም ይታያል። መብራት በጠፋበት ቅጽበት የተጻፈ ፋይል ሲከፍቱ ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ዜሮ ዜሮ ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። ምክንያቱ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የፋይል አያያዝ ሥርዓት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ የፋይሉን ስምና መጠን በጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ በሚመዘግብ ማስታወሻ) ሲጠብቅ ይዘቱን ግን በዚያው መንገድ አለመጠበቁ ነው፤ ስለዚህ «ይህን ያህል ሜጋባይት የሆነ ፋይል አለ» የሚለው መረጃ ዲስኩ ላይ ደርሶ ይዘቱ ገና ራም ውስጥ ሳለ ኃይል ይቋረጣል። በጥንቃቄ የተሠራ ጌም ይህን ለማስቀረት አዲሱን ሴቭ በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የአሮጌውን ስም ይሰጠዋል። በቀጥታ አሮጌው ላይ የሚጽፍ ጌም መሐል ላይ ቢቋረጥ አሮጌውንም አዲሱንም ያሳጣዎታል። እንዲህ ባዶ የሆነ ፋይል አይታከምም፤ ውስጡ የሚድን ነገር የለም።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው ፋይሉ ጌሙ ካሰበለት ልክ በላይ ሲያድግ ነው። በዚህ ረገድ በሰፊው የታወቀው የሳይበርፐንክ 2077 ጉዳይ ነው። ጌሙ በታኅሣሥ 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በኮምፒውተር ላይ ሴቩ ከ8 ሜጋባይት ሲያልፍ እንደተበላሸ ይቆጠርና አይከፈትም ነበር። መጠኑን የሚያሳድገው በዋነኛነት የተሰበሰበ ዕቃና የዕደ ጥበብ ጥሬ ዕቃ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ የሰጡት ምክር ዕቃ እንዲቀንሱ ነበር፤ በዚያው ወር በወጣው 1.06 ማስተካከያ ላይ ገደቡን አነሡት፣ ቀድሞ የተበላሹት ሴቮች ግን በማስተካከያው እንደማይመለሱ ገለጹ። የ2011ዱ ስካይሪምም ሌላ ጣሪያ ነበረው። በሴቩ ውስጥ የሚቆጠሩት የጽሑፍ ቃላት ከ65,535 ሲያልፉ ሴቩ አይከፈትም፤ ቁጥሩ እንግዳ ቢመስልም በ16 ቢት ሊቆጠር የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። ሞድ ያላበዛ ተጫዋች እዚያ አይደርስም፤ ብዙ ስክሪፕት ያላቸውን ሞዶች የደራረበ ግን ይደርሳል። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ደግሞ የዚያው ጌም ሴቭ ባደገ ቁጥር ጨዋታው እየተጎተተ መጫወት እስከማይቻል ድረስ ይደርስ ነበር፤ ማሽኑ 256 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪና 256 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ለየብቻ ከፍሎ የያዘ በመሆኑ፣ የተለወጠው ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ነበር። እርስዎ ሰባ ሰዓት ላይ ስለሆኑ የመጠን ጉዳይ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የሚከፈተው ሴቭና የማይከፈተው ሴቭ በመጠን ተቀራራቢ ከሆኑ ይህን ወደ ጎን ይተዉት።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ሙሉ የሆነ ፋይል ከታመመ ይዘት ጋር፣ ከሁሉም የበዛውና ከሁሉም የሚያደናግረው ነው። የእርስዎም ይኸው ይመስለኛል። እኔ በአንድ አነስተኛ የጌም ሠሪዎች ቡድን ውስጥ የሴቭ ሥርዓቱን እጽፍ በነበረበት ጊዜ አንድ ሞካሪ ልክ የእርስዎን የመሰለ ፋይል አመጣልኝ። ጌሙ ሲጫወቱት ምንም አይልም፣ ሴቭም ያደርጋል፤ ተዘግቶ ሲከፈትና ያ ሴቭ ሎድ ሲደረግ ግን ይዘጋል። ሁለት ቀን ሙሉ የሎድ ኮዱን መረመርሁ፤ ኮዱ ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት አንድ የአዳኝ ውሻ ነው። ውሻው ጌታውን እንዲከተል የጌታው መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። አዳኙ በጨዋታው መካከል በተኩላ ተበልቶ ሞተ፤ ከጊዜ በኋላም ጌሙ ሬሳዎችን ሲያጸዳ ከዓለሙ ተሰረዘ። ውሻው ግን ቁጥሩን እንደያዘ ቀረ። ጨዋታው ክፍት እስከሆነ ድረስ የአዳኙ ቅሪት ሜሞሪ ውስጥ ስላለ ችግሩ አይታይም ነበር። ሴቩ ሲጻፍም «ይህ ውሻ ቁጥር ይህን ይከተላል» ተብሎ በታማኝነት ተጻፈ። ሎድ ሲደረግ ጌሙ ያንን ቁጥር ፈለገ፣ አጣ፣ ማጣቱን ሳያረጋግጥ ከባዶ ቦታ ላይ ሊያነብ ሞከረና ወደቀ። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ጌሙ እየሠራ ሳለ ደኅና ነበር» የሚለው ማስረጃ ስለ ሴቩ ጤንነት ብዙም አያሳምነኝም።

የሞድ መውጣትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በስካይሪም ቤተሰብ ያሉ ጌሞች እያንዳንዱን ነገር በስምንት አኃዝ የሄክሳዴሲማል ቁጥር (ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞችና ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ባሉት ፊደላት በሚጻፍ) ይጠሩታል። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ነገሩ ከየትኛው የጌም ወይም የሞድ ፋይል እንደመጣ ይናገራሉ፤ በሁለት «ኤፍ» የሚጀምሩት ደግሞ ከየትኛውም ፋይል ያልመጡ፣ በጨዋታው መካከል የተፈጠሩና በዚያ ሴቭ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። ሞዱን ሲያወጡት ሴቩ የሚጠቅሰው ፋይል እንደሌለ ጌሙ ያስጠነቅቅዎታል፤ «ቀጥል» ካሉት የዚያን ሞድ ዕቃዎች ይጥላቸዋል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ችግር ያልፋል። የሚያስቸግረው ስክሪፕቱ ነው። ሞዱ ያስጀመራቸው ስክሪፕቶች ከነሁኔታቸው ሴቩ ውስጥ ስለተጻፉ፣ ባለቤታቸው ከወጣ በኋላም ሴቩ ውስጥ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹም የሌለን ነገር በየጊዜው እየጠሩ ይቆያሉ። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በጨዋታ መካከል ሞድ መጨመር እንጂ ማውጣት አይገባም የሚሉት። በእኔ አስተያየት ይህ አባባል ጥቂት ይጠነክራል፤ ቀለምና ምስል ብቻ የሚቀይር ሞድ ቢወጣ ሴቩ ውስጥ የሚተወው ነገር የለም። አዲስ ተልእኮ፣ አዲስ ተከታይ ወይም አዲስ የፍልሚያ ሥርዓት ያስገባ ሞድ ግን እስከ ጨዋታው መጨረሻ ድረስ እንደተጋባ ይቆጠር። እንግዲህ ሁለቱን ሞዶች ያወጡት ከሚከፈተው ሴቭ በኋላና ከማይከፈቱት በፊት ከሆነ መንስኤውን አግኝተዋል ማለት ይቻላል።

ሕመሙ ከቦታም ጋር ሊያያዝ ይችላል። በ2013 በወጡት ፖኬሞን ኤክስና ዋይ፣ ሉሚዮስ በተባለችው ከተማ አንዳንድ ጎዳናዎች ላይ ሴቭ ያደረገ ተጫዋች ተመልሶ ሲከፍት ጌሙ ደርቆ ይቀርበት ነበር፤ ኔንቴንዶ ችግሩን በማሻሻያ አስተካክሎታል። ሌላ ጎዳና ላይ ሴቭ ያደረገ ግን ምንም አላየም። አራቱ የማይከፈቱ ሴቮችዎ የተደረጉት በአንድ አካባቢ ከሆነ ይህን በቀላሉ ሊፈትሹት ይችላሉ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እገልጻለሁ።

ስለ ኩዊክሴቭ (በአንድ ቁልፍ ስለሚደረገው ፈጣን ሴቭ) ብዙ ይወራል፤ መጥፎ ስም አለው። በአብዛኛው የሚጻፈው ይዘት ከተራው ሴቭ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ሰው መቼና የት እንደሚጠቀምበት ነው። በዝርዝሩ ገብቶ ሴቭ የሚያደርግ ሰው ጌሙን አቁሞ፣ ረጋ ብሎ ነው፤ ኩዊክሴቭ የሚጫነው ግን ፍላጻው አየር ላይ ሳለ፣ ሦስት ጠላት እየሮጠ፣ አምስት ስክሪፕት መሐል ላይ ሳለ ነው፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ አንዱን ፋይል ደጋግሞ ይተካል። አውቶሴቭም በር ሲያልፉ፣ ማለትም አንዱ አካባቢ እየፈረሰ ሌላው እየተሠራ ባለበት ሰዓት ስለሚጻፍ ተመሳሳይ ድካም አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ኮምፒውተሩ ነው። ሎድ የሚደረግበት ሰዓት ለማሽኑ ከጨዋታው ሁሉ የከበደው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዲስኩ በሙሉ ፍጥነት ይነበባል፣ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ሁሉ የታመቀውን ይፈታሉ፣ በርካታ ጊጋባይት ሜሞሪ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ ሥዕሎቹም ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይጎርፋሉ። የታመቀ መረጃ ሲፈታ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም ያጣል፤ ስለዚህ በተራ ሥራ ላይ የማይታይ የሜሞሪ ወይም የፕሮሰሰር ድክመት በሎድ ሰዓት ይጋለጣል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው፤ በጌሞች ውስጥ መረጃ ለማመቅ የሚያገለግለው የኡድል ሠሪዎች የመፍታት ስሕተቶች በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ እንደሚታዩ በይፋ አስታወቁ፣ ኢንቴልም በ2024 ቺፖቹ ከልክ በላይ የሆነ ቮልቴጅ እንደሚጠይቁ አምኖ በባዮስ (ማሽኑን በሚያስነሣው ፕሮግራም) በኩል የሚጫን የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ትእዛዞች) ማስተካከያ አወጣ። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳን ቺፕ አያድንም። ራማቸውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ በተባለው ከመነሻው ከፍ ባለ ፍጥነት የሚያስኬዱም ለሙከራ ያህል ወደ መነሻው ፍጥነት መልሰው ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።

ሌላው የተለመደ ጉዳይ የሜሞሪ ማለቅ ነው። ዋናው የ2011 ስካይሪም ባለ 32 ቢት ስለነበረ ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረው እንኳ ጌሙ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም አይችልም ነበር፤ በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን ወደ 64 ቢት ተሻግሮ ያንን ጣሪያ አስወገደ። በዘመናዊ ጌሞች ላይ ይልቅ የማገኘው «ኮምፒውተሬ ይፈጥናል» ብሎ የዊንዶውስን ፔጅ ፋይል (ራሙን ለማገዝ በዲስክ ላይ የሚያዝ ቦታ) ያጠፋ ተጫዋች ነው። ፔጅ ፋይል በሌለበት ጌሙ ለወደፊት የሚይዘው ሜሞሪ ሁሉ ከራሙ ስለሚቆጠር፣ ራሙ ግማሽ ባዶ እየመሰለ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቁጭታ ሳይዘጉ ደጋግሞ ሎድ ማድረግም ሜሞሪውን ያጨናንቃል፤ ብዙ ጌም የቀድሞውን ዓለም ሙሉ በሙሉ ሳያፈርስ አዲሱን ስለሚጀምር ነው። ሠሪዎቹም ይህን አይስቱትም። የስካይሪም ዳይሬክተር ቶድ ሃዋርድ፣ ከስካይሪም በፊት የወጣው ሞሮዊንድ በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ ሜሞሪው ሲያልቅበት የሎዲንግ ሥዕል ከፊት እያሳየ ማሽኑን ከጀርባ እንደገና ያስነሣው እንደነበር ተናግሯል። ያ ማሽን 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነበረው፤ እኔ ዘዴውን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ብልሃት ነው የማየው።

ይሁን እንጂ በእርስዎ ጉዳይ ኮምፒውተሩን በነፃ የማሰናበት ዝንባሌ አለኝ። የማሽን ድክመት ቦታና ሰዓት አይመርጥም፤ አንድ ጊዜ ሲከፈት ሌላ ጊዜ ይዘጋል፣ አንድ ጊዜ ሩብ ላይ ሌላ ጊዜ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፣ ሌሎች ጌሞችንም ያውካል። አራት ሴቭ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ወድቆ አምስተኛው ሁልጊዜ የሚከፈት ከሆነ ልዩነቱ ያለው በሴቮቹ ውስጥ ነው።

የሳምንቱ የሴቭ ላይ ክራሽ ደግሞ ከዚህ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ሴቭ እስካሁን ይከፈታልና። ሴቭ ሲደረግ የሚዘጋ ጌም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ስለ ፋይሉ መንገድ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል፤ የማይክሮሶፍት የክላውድ ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭ የዶክመንትስን ፎልደር ወደ ራሱ አዛውሮ ፋይሉን እያመሳሰለ ይዞት ይሆናል፤ ወይም ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የተባለው ከራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ) መከላከያ በርቶ፣ ጌሙ ዶክመንትስ ውስጥ እንዳይጽፍ ከልክሎት ይሆናል። መከላከያው ሲከለክል በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ታሪክ ውስጥ የጌሙን ስም ጠቅሶ ይመዘግባል፤ ጌሙን ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይበቃል፣ መከላከያውን ማጥፋት አያስፈልግም። ያረጁ ጌሞች የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስሙ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ መንገዱን ማንበብ ሲያቅታቸውም አይቻለሁ።

ወደ ተግባር ስንገባ በመጀመሪያ ማስረጃ ይሰብስቡ። አንዱን የማይከፈት ሴቭ ይክፈቱ፣ ይዘጋ፤ ከዚያ ስሕተቶች በሚመዘገቡበት በዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ከአፕሊኬሽን መዝገብ ቁጥሩ 1000 የሆነውን የመጨረሻ ስሕተት ይፈልጉ። ሁለት ነገር ያንብቡ፦ «ፎልቲንግ ሞጁል» የሚለውን (ስሕተቱ የተፈጠረበትን የፕሮግራም ክፍል) እና የስሕተቱን ኮድ። ኮዱ በ«ሲ» ጀምሮ በ0000005 የሚያልቅ ከሆነ ጌሙ የማይገባው የሜሞሪ ቦታ ነክቷል፤ የእኔ የአዳኝ ውሻ ያመጣው ይህንኑ ነው። በ0000374 የሚያልቅ ከሆነ ሜሞሪው ቀደም ብሎ ተበላሽቶ አሁን ነው የታወቀው፤ በዚህ ጊዜ የተጠቀሰው ሞጁል ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል። ሞጁሉ የግራፊክስ ድራይቨሩ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሞድ ዲኤልኤል (የፕሮግራም ፋይል) ከሆነ ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ሁለቱን ያወጧቸውን ሞዶች በዚያው ስሪታቸው መልሰው ያስገቡና ከአራቱ ሴቮች የመጀመሪያውን ይሞክሩ። አዲስ ስሪት ማስገባት ሙከራውን ያበላሸዋል፤ ሴቩ የሚጠራው አሮጌውን ነውና። ከተከፈተ ጉዳዩ አለቀ፤ ወይ ሞዶቹን ይዘው ጨዋታውን ይጨርሱ፣ ወይ ሞዶቹ ከመግባታቸው በፊት ወደ ነበረው ሴቭ ይመለሱ። ካልተከፈተ የቦታውን ጉዳይ ይፈትሹ። ጌሙን ከፍተው በመጀመሪያ ጤነኛውን ሴቭ ሎድ ያድርጉ፣ ገጸ ባሕርይዎን አራቱ ሴቮች ወደተደረጉበት አካባቢ ይውሰዱትና እዚያ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። እዚያ ሲደርሱ ከተዘጋ ችግሩ የአካባቢው እንጂ የሴቮቹ አይደለም፤ የጌሙን ፋይሎች በስቲም ማረጋገጥና አካባቢውን የሚነኩ ሞዶችን አንድ በአንድ ማንሣት ይቀጥላል። በሰላም ካለፉ፣ ከዚያው ሳይወጡ ከአራቱ አንዱን ሎድ ያድርጉ። አካባቢው አስቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ ስላለ የሥራው ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ ከዋናው ማውጫ የማይከፈት ሴቭ በዚህ መንገድ የሚከፈትበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። ከተከፈተልዎ ወዲያውኑ ወደ አንድ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ገብተው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ በአዲስ ቦታ ላይ ሴቭ ያድርጉ፤ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተውም ያ አዲስ ሴቭ ከማውጫው መከፈቱን ሳያረጋግጡ ጨዋታውን አይቀጥሉ።

ጌምዎ ስካይሪም ወይም ፎልአውት 4 ከሆነ ባለቤት የሌላቸውን ስክሪፕቶች ከሴቭ ውስጥ የሚያሳይና የሚሰርዝ ሪሴቨር የተባለ መሣሪያ አለ። ለምርመራ በጣም እወደዋለሁ፤ ለሕክምና ግን እፈራዋለሁ። የተጣለውን ስክሪፕት ሲሰርዝ ሎድ ማድረጉ ይሳካ ይሆናል፣ ያ ስክሪፕት ይዞት የነበረው ተልእኮ ግን ሌላ ሃያ ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሞክሩት፤ ለማዳን የሚፈልጉት ጨዋታ ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ጤነኛውን ሴቭ እመርጣለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላም ካልተከፈተ የጌሙን ስምና ስሪት፣ የሞዶቹን ዝርዝር፣ ሁለቱ ሞዶች የወጡበትን ቀን፣ የአምስቱን ሴቮች መጠን ከነሰዓታቸው፣ እንዲሁም ኢቨንት ቪወር የመዘገበውን ሞጁልና ኮድ ይላኩልኝ።